ሐረጎን ከመውረድዎ በፊት

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሐረጎ ላይ ጥምዝምዙ ሲጀምር እግርዎ ከፍሬኑ አይነሳም። ከኋላ ልጆች ተቀምጠዋል፣ ከፊት የጫነ አይሱዙ አለ። ፔዳሉ ጠንከር ማለቱን ትቶ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ቢገባብዎትስ?

የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ስለሚጮህ እንቀይረዋለን። የፍሬን ዘይት ግን ድምፅ የለውም። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይመጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት ሲረገጥ አይታመቅም፣ እንፋሎትና አየር ግን ይታመቃሉ። ፔዳሉ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

አየር ለማስወጣት የግድ ፔዳል የሚረግጥልዎ ሰው አያስፈልግም። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይጨምሩ። በብዙ መኪኖች ሥራው የሚጀመረው ከቀኝ የኋላ ጎማ ነው፤ የመኪናዎን መመሪያ ግን ያስቀድሙ። ስስ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ በአየር ማስወጫዋ ብሎን ጫፍ ላይ ያጥብቁ። ሌላውን ጫፍ ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት ማሰሮ ውስጥ ይንከሩና ማሰሮውን ከብሎኗ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። የሥራው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ አረፋው ሽቅብ ይወጣል፣ ፔዳሉን ሲለቁም ተመልሶ የሚሳበው ዘይት እንጂ አየር አይሆንም። ብሎኗን ሩብ ዙር ከፍተው ፔዳሉን በዝግታ ጥቂት ጊዜ ይርገጡ፣ ወርደው ቱቦውን ይዩ። አረፋው ሲያልቅ መጀመሪያ ብሎኗን ያጥብቁ፣ ቱቦውን ከዚያ ያውጡ።

በየመሃሉ ኮፈኑን ከፍተው ዘይቱን ይሙሉ። ማስቀመጫው ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። መመሪያው ዶት 3 ካለ ዶት 3፣ ዶት 4 ካለ ዶት 4 ይጠቀሙ፤ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይጨምሩ። ቀለም ላይ ከተንጠባጠበ ቶሎ በውሃ ያጥቡት።

ሁሉም ሰው ግን ይሞክረው አልልም። ዘይቱ የጎደለው በማፍሰስ ከሆነ፣ አየሩ ወጥቶም ፔዳሉ ካልጠነከረ፣ ወይም የመኪናዎ ኤቢኤስ በኮምፒውተር መታዘዝ የሚፈልግ ከሆነ፣ ቦታው ጋራዥ ነው። ሲጨርሱም ፍሬኑን መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ ሜዳማ መንገድ ላይ በዝግታ ይሞክሩት።

ማሰሮ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አሮጌ ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ለልጅ ግን ሻይ ወይም ጭማቂ ይመስላል፣ መርዝም ነው። ክዳኑን አጥብቀው «የፍሬን ዘይት» ብለው ይጻፉበትና ከልጆች እጅ ያርቁት።