ጀሪካን ያስቀረው ጭስ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ላይ ወተት ስረከብ ላክቶሜትሩን ከመንከሬ በፊት አፍንጫዬን ወደ ዕቃው አስጠጋለሁ። መለኪያው 1.028 እና 1.032 መካከል ከቆመ ውሃ አልገባበትም ብዬ እገምታለሁ። እርጎው እንዴት እንደሚወጣ ግን የሚነግረኝ ሽታው ነው። ቅል ወይም ገንቦ ሲሆን ወይራው ይሸታል። ቢጫ ጀሪካን ሲሆን ደግሞ የትናንቱ፣ አንዳንዴም የከትናንት ወዲያው ወተት ይሸታል።

ከጉብርዬ በኩል ወተት የሚያመጡ አንዲት እናት ቅላቸውን ሲያጥኑ ቆሜ አይቻለሁ። በግራዋ ቅጠልና በሞቀ ውሃ አሽተው ፀሐይ ላይ ደፉት። ሲደርቅ የሚጤስ የወይራ ፍንካች ከምድጃ አንስተው ውስጡ ጨመሩ፤ አፉን ከድነው አገላበጡት። ቅሉ ጭሱን ሲጠግብ ከሰሉን አራገፉና በንጹሕ ጨርቅ ወለወሉት። ወይራ ሲታጣ ጥንጅትም ይሆናል። ይህ ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉት ውህዶች ጀርሞችን ይቀንሳሉ፤ ወተቱም ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያዘገያሉ።

ጀሪካን ይህን ሁሉ አስቀረ። ፍም አይችልም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅም አይገባበትም። ማዕዘኑ ላይ የሚጋገረውን ቅሪት በውሃ ማንቀጫቀጥ አያስለቅቀውም። አቅራቢዎቹን አልወቅስም፤ ጀሪካን አይሰበርም፣ ባጃጅ ላይም እንደ ልብ ይጫናል።

ፋብሪካ ወተቱን 85 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ያሞቅና ወደ 43 ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ሁለት የታወቁ ባክቴሪያዎች ይጨምርበታል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይረጋለታል። ከሁለቱ አንዱን ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮቭ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የእኛ እርጎ ግን እርሾ ሳይጨመርበት፣ ወተቱና ዕቃው ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች በራሱ ይረጋል። ወልቂጤ ላይ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ከቡታጅራ በላይ ወደ ዘቢዳር ብርድ ከወጣችሁ ሁለት ቀን ይፈጅ ይሆናል። ጣዕሙ ከቤት ቤት የሚለያየውም ለዚህ ነው። እኔ ይህ ልዩነት እንዲጠፋ አልፈልግም።

ጥያቄው የትኛው ባክቴሪያ ይቀድማል የሚለው ነው። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ስለ እርጎና አይብ ባደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ኮምጣጣነቱ እየበረታ ሲሄድ በርካታ ጎጂ ጀርሞች ይገታሉ። ቆሻሻ ጀሪካን ግን ለጎጂዎቹ ቅድሚያ ይሰጣል። ደግሞም ኮምጣጣነት ሁሉን አይችልም፤ በሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ በሚባለው ጀርም ላይ እምነት አይጣልበትም። ስለዚህ ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ የሚሆን እርጎ ወተቱ ይፈላ፤ ለብ ሲል ጥሩ ከረጋ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨመርበትና ተከድኖ ይደር።

የሚናጠው ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገዢ ሲቀንስ እናቶች እርጎውን አጠራቅመው ይገፉታል። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ አይብ ይሆናል። ቡታጅራ ላይ ጾሙ ከረመዳን ጋር ሲገጥም ለማፍጠሪያ የሚፈለገው ወተት ገበያውን ትንሽ ይደግፈዋል። በጥሩ አያያዝ ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ይጠበቃል። አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት አይብ ይሠራል፤ እኔ ወደ 70ው ማስጠጋትን እመርጣለሁ። አይቡ ትንሽ ይደርቅ ይሆናል፣ ጀርሙ ግን ይቀንሳል። ለክትፎ ደግሞ ውሃውን በደንብ ያንጠፈጠፈ አይብ ይሻላል፤ ጥሬ ሥጋ አጠገብ የሚቀርብ ነገር ንጽሕናው እጥፍ መሆን አለበት።

የሁለቱ ከተሞች ወተት ሰብሳቢዎችና ክትፎ ቤቶች፣ ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት ለአቅራቢዎቻችሁ ክዳን ያለው፣ አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ በዱቤ ስጡ። እጅ ይገባበታል፤ ይታጠባል፤ በወይራም ይታጠናል። ዕዳው ከወተቱ ሒሳብ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ይከፈላል።