ልክፍት ወይስ የወረደ ስኳር?

በሐምሌና በነሐሴ የፎገራ ሜዳ ውሃ ቋጥሮ፣ ከወረታ ዙሪያ እስከ ጣና ዳር ሰዉ ጎንበስ ብሎ ሩዝ ያርማል። ጠዋት ኢንሱሊን የተወጋ ገበሬ ቁርስ ሳይቀምስ ማሳ ከወረደ፣ ቀትር ሳይደርስ ላብ ሊያጠምቀው፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ቀጥሎ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ የገዛ ወንድሙን ይቆጣል። አጠገቡ ያሉት «ጠጥቷል» ይላሉ፤ አለዚያም «ልክፍት ነው» ብለው ወደ ጠበል ለመውሰድ ይነሳሉ። ስለ ስኳር በሽታ ከሚወሩት ሁሉ ይህኛው በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ ከእሱ እጀምራለሁ።

የተራበው አንጎሉ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዋና ቀለቡ ግሉኮስ ነው፤ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የደሙን ስኳር ራሱ ይጠብቃል። ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍሉ ስኳሩ ሲወርድ ያውቃል፤ በነርቭ በኩል አድሬናሊን እንዲለቀቅ ያዝዛል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ያፈስሳል። ላቡና መንቀጥቀጡ የዚህ ትእዛዝ ምልክት ናቸው። መዘባረቁና ቁጣው የሚመጡት ትእዛዙ ሳይበቃ ቀርቶ አንጎሉ ራሱ ሲደክም ነው።

«ኢንሱሊን የቆሽት ሥራ ነው፤ አንጎል ምን አገባው?» የሚልም አለ። ቆሽት ስኳሩን እየለካ ኢንሱሊን ማመንጨቱ እውነት ነው። ነገር ግን ምግብ አፍ እንደገባ፣ ስኳሩ ደም ሳይደርስ፣ አንጎል በቫገስ ነርቭ በኩል ቆሽትን ያነቃዋል፤ ጥቂት ኢንሱሊንም ቀድሞ ይወጣል። ሰው ሲደነግጥ ወይም ከባድ ሥራ ሲሠራ ደግሞ ሌላው የነርቭ መስመር ኢንሱሊኑን ይገታል። ጤነኛ ሰው ሳይበላ ሲያርም ቢውል ስኳሩ ወርዶ የማይጥለው በዚህ ነው። በመርፌ የገባን ኢንሱሊን ግን ቆሽትም አንጎልም ሊመልሱት አይችሉም። ይባስ ብሎ ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው የአንጎሉ ማስጠንቀቂያ ይደነዝዛል፤ ላቡም መንቀጥቀጡም ሳይታይ በቀጥታ ይዘባረቃል ወይም ይወድቃል። ቤተሰብ በልክፍት የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው።

«በድንጋጤ ስኳር ያዘው» የሚባለው ግማሽ እውነት አለው። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጥንቸልን የኋላ አንጎል በመርፌ ሲወጋ ሽንቷ ውስጥ ስኳር አገኘ። ድንጋጤና ሐዘን በአንጎል በኩል ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ተደብቆ የቆየን በሽታም ያጋልጣሉ። ድንጋጤ ብቻውን ግን የጤነኛን ሰው ቆሽት አያጠፋም።

«የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው በጎንደር አካባቢ ጭራሽ አይሠራም። የጎንደር ሐኪሞች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ቀጫጭንና ድሃ የገጠር ወጣቶችን አግኝተው ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት «ታይፕ 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ነጭ ሩዝም፣ ብቻውንና በብዛት ከተበላ ስኳርን ቶሎ ያወጣል እንጂ፣ ለእነዚህ ወጣቶች በሽታ ተጠያቂው እሱ አይደለም።

ወደ ማሳው ልመለስ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከተዘባረቀ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው አጠጡት። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አሩጡት፤ እዚያ ግሉኮስ በደም ስር ይሰጠዋል። ጠበሉ ከዚያ በኋላም ይደረስበታል።

ኢንሱሊኑን በፍርሃት ማቆም ደግሞ ሌላ ሞት ነው። ፍልሰታ አረም ላይ ስለሚውል፣ መጾም የሚሻ ታካሚ ሐምሌ ሳያልቅ መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር፣ ጾሙን ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። ማሳ ሲወርድም ስኳር በኪሱ ይያዝ፤ አብረውት የሚያርሙትም ኢንሱሊን እንደሚወጋ ይወቁ።