ተሳቢው ጅራቱን ሲጥል
በገበያ ላይ ያለው መንጠቆ ሁሉ ለሁሉም ተሳቢ አይሆንም

ከጎሮ ወደ አያት፣ ከሰሚት ወደ ቦሌ አራብሳ በሚወስዱት መንገዶች ጠዋት ጠዋት የሚታይ ነገር አለ። አንድ ባለሁለት ጋቢና ፒክአፕ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ አስከትሎ፣ በተሳቢው ላይ ጄኔሬተር ወይም ኮምፕሬሰር ጭኖ ወደ ግንባታ ቦታ ያዘግማል። መንገዱ የተጨናነቀ በመሆኑ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ወይም ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚህ ፍጥነት ማንኛውም ተሳቢ ጨዋ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ያው ተቋራጭ አዳማ ወይም ሞጆ ሥራ ሲያገኝና ያንኑ ተሳቢ ይዞ ወደ ፍጥነት መንገዱ ሲወጣ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ የጉዞ ሰዓት መቆጠቡ አያጠያይቅም። ይሁንና የድሮው መንገድ በመጨናነቁ ሸፍኖት የኖረውን የተሳቢ ጉድለት ሁሉ ያወጣው ይኸው መንገድ ነው። ፒክአፑ 80 ወይም 90 ላይ ሲደርስ ተሳቢው በመጀመሪያ በትንሹ ግራና ቀኝ ይላል። ሾፌሩ ነፋስ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጥቂት ቆይቶ ውዝዋዜው የመኪናውን የኋላ አካል ይዞ ይነቀንቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። ተሳቢው ተገልብጦ ጄኔሬተሩ ብቻ ቢሰበር እንደ ዕድል የሚታይ ሲሆን፣ ፒክአፑን ጠምዝዞ ከነሰዎቹ ወደ ሌላው መስመር የሚያስገባበት ጊዜም አለ።

ነፋሱ ሰበብ ብቻ አይደለም። አዳማ ነፋሻ መሆኗን በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ። 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተሠሩት ሁለቱ ጣቢያዎች እዚያ የቆሙት ያለምክንያት አይደለም። ከዚህም ሌላ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲገኝ አዳማ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ይህ ማለት ጉዞው በአብዛኛው ወደ ታች ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተሳቢ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይጀምራል። በዚያ ላይ አንድ አውቶቡስ በአጠገቡ በፍጥነት ሲያልፍ የሚፈጥረው የአየር ግፊት ሲጨመር ውዝዋዜው ለመነሳት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ለመነሳት ነው እንጂ ለመባባስ ግን ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል። እሱም በአመዛኙ ጭነቱ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት የተነሳ ውዝዋዜ በራሱ ይሞታል። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ የመሞት ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄድና ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ጭራሹን እየሰፋ ይመጣል። ያ ፍጥነት 70 ይሁን 120 የሚወስነው በዋናነት ክብደቱ በተሳቢው ላይ የት እንደተቀመጠ ነው። ከጎማው ኋላ ከከበደ ተሳቢው ክፉ ነው። ከጎማው ትንሽ ወደፊት ከከበደ ይረጋጋል።

በአሜሪካ የተለመደው ስሌት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመቀጠያው ኳስ ላይ ይረፍ የሚል ነው። አውሮፓውያኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ይጠቀማሉ። በመሆኑም ከነጭነቱ 1,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ አፍንጫው ላይ ቢያንስ 150 ኪሎ ያህል ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያሻም። ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣ አፍንጫውን ኳሱ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ በእህል ሚዛን ማሳረፍ ይበቃል። ሚዛኑ 40 ኪሎ ካሳየ ጄኔሬተሩን ወደፊት መግፋት ነው። በአንድ እጅ ብድግ የሚል አፍንጫ ለሠራተኛው ቢመቸውም ለመንገዱ አይመችም።

ከመጠን በላይ ወደፊት መግፋትም የራሱ ዕዳ አለው። በሁለቱ አክስሎች መካከል 3.1 ሜትር ርቀት ያለውና ኳሱ ከኋላ አክስሉ 1.2 ሜትር ወጣ ያለበት ፒክአፕ 150 ኪሎ አፍንጫ ሲሸከም፣ የኋላ አክስሉ ላይ የሚያርፈው 150 ሳይሆን 208 ኪሎ ይሆናል። ትርፉ 58 ኪሎ ከፊት ጎማዎቹ ላይ የተነሳ ነው። መሪ የሚያዞሩት እነዚያው የቀለሉት ጎማዎች ናቸው። ባሌስትራ ደርቦ የኋላውን ከፍ ማድረግ ዓይንን ያስደስታል እንጂ ለፊት ጎማዎቹ የሄደባቸውን ክብደት አይመልስላቸውም።

በተለይ ውሃ የሚያመላልሱ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፤ ከባድ ቢሆንም አይንቀሳቀስም። ግማሹ የጎደለ ሮቶ ግን ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ውሃው በየመታጠፊያው ወደ ጎን እየሮጠ ተሳቢውን ይገፋዋል። ሞልቶ ወይም ባዶውን መሄድ ይሻላል።

አሁን ወደ መንጠቆው። ብዙ ገዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ በሚሊ ሜትር የሚለካ በመሆኑ ዓይን አያየውም። በአውሮፓ ደረጃ የሚሠራው ኳስ ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካው ሁለት ኢንች 50.8 ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም የአሜሪካው ጽዋ በአውሮፓው ኳስ ላይ ሲቀመጥ ይላላል፤ የአውሮፓው ጽዋ በአሜሪካው ኳስ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ወይ አይዘጋም ወይ ይጣበቃል። ፒክአፑ ከአንድ አገር፣ ተሳቢው ከሌላ አገር በሚመጣበት ገበያ ኳሱና ጽዋው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሳያነቡ መግዛት ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ እንደመግዛት ነው። ያገለገለ ኳስ የሚገዛ ሰው በማንኛውም ቶርኖ ቤት በካሊፐር ያስለካው። 50 የነበረው ኳስ ተበልቶ 49 ከደረሰ ለብረት ዋጋ እንጂ ለመንጠቆ ዋጋ አይከፈልበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ኳሱ የት እንደታሰረ ነው። በኋላ መከላከያው ላይ ያለው ቀዳዳ ኳስ ለመትከል የተጋበዘ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ለቀላል ነገር ብቻ የተሠራ ነው። ለጄኔሬተርና ለኮምፕሬሰር የሚሆነው በሁለቱም በኩል ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ መጎተቻ ነው። ብየዳ ቤት በቱቦላሬና በላሜራ የሚሠራው መጎተቻ ጠንካራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉድለቱ ማንም ለክቶት የማያውቅ መሆኑ ነው። ሻንሲው ላይ በቀጥታ መበየድ ደግሞ የፋብሪካውን ብረት በሙቀት ስለሚያዳክም የሚሰነጠቀው ብየዳው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሻንሲ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ውዝዋዜን ለመቀነስ ተብለው የሚሸጡ መቀጠያዎችም አሉ። የአሜሪካው ዓይነት በሁለት የብረት ሞላዎች እየተወጠረ የአፍንጫውን ክብደት ከፊል ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው አክስል ይመልሳል። አንዳንዱ በፍትጊያ የሚይዝ ተጨማሪ ዘንግ አለው። የአውሮፓው ደግሞ ኳሱን እንደ ፍሬን ሸራ በሚጨብጡ ንጣፎች ያፍነዋል። ይህን የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ለጋራዡ ሊነግር ይገባል፤ ኳሱ ግሪስ እንዳይቀባ። መካኒኩ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ግሪስ እንደሚፈልግ የተማረ በመሆኑ በቅንነት ይቀባውና ብዙ የወጣበትን ዕቃ በአንድ ጭልፋ ግሪስ ከንቱ ያደርገዋል። ተራው ኳስ ግሪስ ይወዳል፤ የሚጨብጠው ግን አይወድም። ከሁለቱ አንዱም ቢሆን ኋላው የከበደ ተሳቢን አያድንም። ሕመሙን ሸፍኖ ፍጥነቱን ከፍ ያስደርግና ውዝዋዜው ሲመጣ በትልቁ ይመጣል።

ምሥራቅ አዲስ አበባ ከከባዱ ተሳቢም ጋር ትውውቅ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሥርቶ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪናዎች ሲገጣጥም የቆየው አምቼ ከመገናኛ አለፍ ብሎ ያለውን አካባቢ ስሙን እስከማውረስ ደርሷል። ከጂቡቲ የሚመጣውን ዕቃ የሚያመላልሰው ባለተሳቢ የጭነት መኪና ግን በፒክአፕ ስሌት አይመራም። ከፊትም ከኋላም አክስል ያለው ተሳቢ ክብደቱን ራሱ ስለሚሸከም መንጠቆው ላይ የሚያርፍ አፍንጫ የለውም። ነገር ግን በሁለት ቦታ ይታጠፋል። መኪናው ድንገት መስመር ቢቀይር ተሳቢው ከመኪናው የበለጠ ይወናጨፋል። ሰሚ ትሬለር የተሻለ የሚረጋጋው መቀጠያው ከጎታቹ የኋላ አክስል ላይ ስለሚቀመጥ፣ የመኪናው ጅራት እንደ ዘንግ ሆኖ ስለማይወዘውዘው ነው። ተሳቢ ቀርቶ ሰሚ ትሬለር ይተካው የሚለው ክርክር በትራንስፖርት ዘርፍ በተደጋጋሚ የተነሳውም ከደኅንነት ጋር በተያያዘ ነው። ለባለንብረቱ ግን ያለውን መኪና ጥሎ ጎታች መግዛት ማለት ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ያለውን ይዞ ለሚቆይ ባለንብረት የሚጠቅመው በመቀጠያው ሳህን ላይ በላቲን ፊደል ዲ ተብሎ የተቀረጸው የመሳብ ኃይል ቁጥር ነው። የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት በተሳቢው ማባዛት፣ የተገኘውን ለሁለቱ ድምር ማካፈል፣ በመጨረሻም በ9.81 ማባዛት ነው። 20 ቶን የሆነ መኪና 20 ቶን ተሳቢ ቢጎትት 98 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። ሳህኑ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ካነሰ፣ ወይም ሳህኑ ተነቅሎ ከሌለ፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ጥንካሬ የሚናገረው ሁሉ ወሬ ነው።

ገበያው አሁን ለዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የተመቸ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ይህን ተሸክሞ ነው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው። ስለሆነም ወደ ብየዳ ቤትና ወደ አሮጌ ዕቃ ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። ገንዘብ ያነሰው ሰው ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ይሻለዋል። ጭነቱን ማስተካከል በነፃ ነው፤ የጎማ ንፋስ ማስለካት ጥቂት ብር ነው፤ ልኩ የሆነ ኳስ ከዚያ ይከተላል። ውድ የሆነው ውዝዋዜ ተከላካይ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይደርሳል።

ውዝዋዜው መንገድ ላይ ቢነሳስ? ብዙ ሾፌር የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ነዳጅ ሰጥቶ ተሳቢውን ለማቅናት መሞከር ወይም ፍሬን መርገጥ። የመጀመሪያው ፍጥነቱን ስለሚጨምር ነገሩን ያብሰዋል። ሁለተኛው ደግሞ መኪናውን ይዞ ተሳቢውን ከኋላ እንዲገፋ ይለቀዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ ማንሳትና መኪናው በራሱ እንዲዘገይ መተው ነው የሚያዋጣው። ተሳቢው ለብቻው የሚያዝ ፍሬን ካለው እሱን ብቻ ቀስ ብሎ መያዝ ይረዳል። ቀኝ ጥግ ይዞ ከቆሙ በኋላ ጭነቱ ተፈትሾ ወደፊት ሳይገፋ ጉዞውን መቀጠል አይገባም፤ ቡሎኖቹም በዚያው ይጠበቁ።