ጋደም ያለና የተጎለተ፦ የዕረፍት አቀማመጥ ቃላት በእንግሊዝኛና በአማርኛ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ፣ ለሚማር ልጅ እንግሊዝኛ ከአዊኛና ከአማርኛ ቀጥሎ የሚገጥመው ቋንቋ ሲሆን፣ በመዝገበ ቃላት ፍቺ ብቻ በቀላሉ ከማይያዙት ቃላቱ መካከል ሰውነትን አላልቶ መቀመጥንና መጋደምን የሚገልጹት ግሶች ይገኛሉ። ግሶቹን የሚያከብዳቸው የአካልን ሁኔታ ከመግለጻቸው ጋር ተናጋሪው በተቀማጩ ላይ የሚሰጠውን ፍርድ አብረው መያዛቸው ነው።

ይህ ጠባይ ለአማርኛም እንግዳ አይደለም። «ጋደም አለ» የሚለው ለአፍታ ጎንን ማሳረፍን ያለ ነቀፌታ ሲገልጽ፣ «ተንጋለለ» በጀርባ መተኛትን፣ «ተንፈላሰሰ» በድሎት መዝናናትን፣ «ተዘረፈጠ» ደግሞ ሥርዓት በጎደለው መንገድ ተዘርግቶ መቀመጥን ያመለክታሉ። «ተጎለተ» የተባለው ሰው ግን ሥራ እያለ እንደ ምድጃ ድንጋይ ካለበት የማይነቃነቅ ሰነፍ ነው፤ «ጉልቻ» የሚለው ስምም ከዚሁ ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። ከዚህም ሌላ አማርኛ «አለ» በሚለው ረዳት ግስ ድርጊትን ያለዝባል፤ «ተጋደመ» ሙሉ ድርጊት ሲሆን «ጋደም አለ» ጥቂቱና ቀለል ያለው ነው።

ከእንግሊዝኛዎቹ መካከል «ሪክላይን» ወደ ኋላ ደገፍ ማለትን የሚገልጽ፣ ነቀፌታ የሌለበት ቃል በመሆኑ ለ«ጋደም አለ» ይቀርባል። ኢትዮጵያውያን በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ የእንግዳ ማረፊያ ስም አድርገው የሚያውቁት «ላውንጅ» አስቀድሞ ግስ የነበረ ሲሆን፣ ትርጉሙም ያለ ሥራ ተንፈላሶ ጊዜን ማሳለፍ ነው። «ስፕሮውል» እጅና እግርን በየአቅጣጫው ዘርግቶ መቀመጥን ወይም መተኛትን ስለሚገልጽ ከ«ተዘረፈጠ» ጋር ይዛመዳል፤ ያለ ፕላን የሚንሰራፋ ከተማም በዚሁ ቃል ይጠራል። «ስላምፕ» ደክሞት ወይም ተስፋ ቆርጦ ወንበር ላይ ዘፍ ለሚል ሰው ሲነገር፣ በድንገት ለሚያሽቆለቁል ገበያም ያገለግላል። «ስላውች» ትከሻን ጥሎ፣ ወገብን አጉብጦ መቀመጥን ወይም መቆምን ሲያመለክት፣ ስንፍናን ወይም ቸልተኝነትን የመንቀፍ ቃና አለው።

ቃላት የሚሸከሙት ፍርድ ሰውን ከሰው እስከ ማከራከር ሊደርስ እንደሚችል የ«ካውች ፖቴቶ» ታሪክ ያስረዳል። በቀጥታ ሲተረጎም «የሶፋ ድንች» የሚሆነው ይህ አባባል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተፈጠረ ሲሆን፣ ሶፋ ላይ ተጎልቶ ቴሌቪዥን ሲያይ የሚውልን ሰው ያመለክታል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ ድንች አምራቾች አባባሉ የምርታቸውን ስም ያጎድፋል በማለት ሰልፍ ወጥተው፣ ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ተሰርዞ «ካውች ስላውች» በሚለው እንዲተካ ጠይቀው ነበር፤ አባባሉ ግን አሁንም በአገልግሎት ላይ ነው። ድንች የደጋ ገበሬ የላብ ፍሬ በሆነበት በአዊ ዞን ለሚኖር አንባቢ የአምራቾቹ ቅሬታ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም።

እንግዳን «አረፍ ይበሉ» ማለት አክብሮት፣ ልጅን «ምን ትጎለታለህ» ማለት ተግሣጽ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ልዩነት ለመረዳት የሚያስፈልገው መነሻ በእጁ አለ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አዲስ ግስ ጎን ፍቺውን ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉ ለማንና በምን ስሜት እንደሚነገርም አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።