በፎቶግራፍ ላይ ስምን ስለ ማተም

የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን በብራና መጽሐፍ በጻፉ ጊዜ የባለቤቱን ስም በጸሎቱ መካከል ወይም በመጨረሻው ያኖሩ ነበር። በብዙዎቹም መጻሕፍት ላይ የሰረቀውም የፋቀውም ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ ይጽፉበት ነበር። ከሌባው ጋራ ፋቂው መቈጠሩን ልብ ማለት ይገባል። ዕቃን መውሰድ አንድ በደል ነው፤ የባለቤትነትን ምስክር ማጥፋት ግን ሌላ በደል ነው። ይህም ነገር ዛሬ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት ለሚያወጣ ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

አንድ የምናውቃቸው ሽማግሌ ሴት ልጃቸውን በዳሩ ጊዜ ሠርጉን የሚያነሣ ፎቶግራፍ አንሺ ጠሩ። የሙሽሪት ታናሽ ወንድም ከደስታው ብዛት የተነሣ አንዱን ሥዕል ዘመድ ሁሉ እንዲያየው በኢንተርኔት አወጣው። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ሥዕል በአንድ የጠጉር ቅባት ሻጭ ማስታወቂያ ላይ ተገኘ። አባትየውም ተቈጥተው «የልጄን መልክ የሸጥህ አንተ ነህ» ብለው ፎቶግራፍ አንሺውን ወቀሱት። እርሱም ምሎ ተገዝቶ ቢናገር የሚያምነው አላገኘም። ሻጩ በተጠየቀ ጊዜ ግን «ስም ስለሌለበት ባለቤት ያለው አልመሰለኝም» ብሎ መለሰ። አንድ ስም በሥዕሉ ላይ ባለመታተሙ ሙሽሪት አፈረች፤ ሠራተኛውም ያለ ጥፋቱ ታማ።

እንዲህ ያለው በሥዕል ላይ በስሱ የሚታተም ስም የውሃ ምልክት ይባላል። ስያሜው የመጣው ከወረቀት ሥራ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር በፋብርያኖ ከተማ የነበሩ ወረቀት ሠሪዎች ከሽቦ የተሠራ ምልክት በወንፊታቸው ላይ ያያይዙ ነበር። ሽቦው ያረፈበት ስፍራ ስለሚሳሳ፥ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ባነሡት ጊዜ ምልክቱ ይታያል፤ የማን ሥራ እንደ ሆነም ይታወቃል።

በአገራችን ሕግ ይህ ምልክት ጌጥ ብቻ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ የሚጠበቀው የስብስብ ክፍል ሲሆን፥ ወይም በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ፥ ወይም የሠሪውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ነጠላ ሥዕል የሚያወጣ ባለሙያ የፎቶ ቤቱን ስምና አድራሻ ቢያትምበት መብቱን ያጸናል። የቤተ ሰብ ሥዕል የሚያወጣ ሰው ግን የመኖሪያ ቤቱን አድራሻ ለዓለም ሁሉ ማስታወቅ አይገባውም፤ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ይበቃዋል።

አስተታተሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጠርዝ ላይ የተጻፈ ስም በቀላሉ ተቈርጦ ይጣላል፤ በፊት ላይ ቢታተምም ሥዕሉን ያበላሻል። በልብስ ላይ በስሱ ቢያርፍ ግን ሊቈርጠው የፈለገ ሰው ሥዕሉን ጭምር ያጠፋል። ምልክት የሌለበትን ዋናውን ሥዕል በቤት አስቀምጦ ወደ ውጭ የሚወጣውን አሳንሶ ማውጣት መልካም ነው፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ዋናው በእጁ ያለ ሰው ማስረጃ አያጣም። በሥዕሉ ፋይል ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር የስምና የቀን ጽሑፍም አለ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የማኅበራዊ መገናኛዎች ሥዕሉ ሲወጣ ስለሚያጠፉት በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም።

ሆኖም ምልክቱ ምስክር እንጂ ዘበኛ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓመት የጉግል ኩባንያ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ምልክት ሳይለወጥ በብዙ ሥዕሎች ላይ ሲታተም ኮምፒዩተር ለይቶ ሊያጠፋው እንደሚችል አሳይተዋል። መድኃኒቱንም ጨምረው ተናግረዋል፤ የምልክቱ ቅርጽ በየሥዕሉ ላይ ጥቂት ቢጣመም ሲጠፋ ፍለጋው ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን መታወቅ ያለበት፥ ምልክቱ የሠሪውን ድካም እንጂ የተነሣውን ሰው ክብር የማይጠብቅ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስሙን ያተመ ፎቶግራፍ አንሺ የሙሽሪት ፊት ባለቤት አይሆንም፤ ወንድምም ቢሆን እኅቱን ሳይጠይቅ ሥዕሏን ማውጣት አይገባውም።

ከላይ የተነገረው ጠብ በሽማግሌዎች ዕርቅ ተፈጽሟል። አባትየው ፎቶግራፍ አንሺውን ይቅርታ ጠየቁት፤ እርሱም ከዚያ ወዲህ ስሙን ሳያትም ሥዕል አይሰጥም። ታናሹ ወንድም ደግሞ አስቀድሞ «ላውጣውን?» ብሎ መጠየቅን ተምሯል። ከሁለቱ ትምህርቶች የሚበልጠው የልጁ ነው።