የጠፋ አምፖል ለምን ይበራል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የወጥ ቤት መብራት ጉዳይ ናቸው። "አጥፍቼው እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ፈዘዝ ብሎ ይበራል።" "ጠፍቶ እያለ ቆይቶ ቆይቶ ብልጭ ይላል።" "ጎረቤት የውሃ ፓምፕ ሲያስነሳ የእኔ መብራት ይደምቃል።" እነዚህን ሁሉ "ኮረንቲው ተበላሽቷል" ብሎ በአንድ መጠቅለል አይቻልም። አንዱ ምንም ጉዳት የለውም፤ አንዱ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ የወጣ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ሌላው ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያቃጥላል፣ ሲብስም ቤት ያያይዛል።

የድሮው ባለክር አምፖል እንዲበራ ክሩ መጋል ነበረበት። በመስመሩ ላይ የሚሾልክ ጥቂት ኮረንቲ አያሞቀውም፤ ስለዚህ የገመድ ስህተት ቢኖርም ለዓመታት ሳይታወቅ ይቀመጥ ነበር። የአሁኑ ኤልኢዲ አምፖል ግን በጣም በትንሽ ኮረንቲ ይበራል። ውስጡ ካፓሲተር የሚባል ኮረንቲ የሚያጠራቅም ዕቃ አለ። ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ ሥር ያስቀመጡት ጣሳ ቀስ ብሎ ሞልቶ እንደሚፈስ ሁሉ፣ ካፓሲተሩም የሚሾልከውን ሲያጠራቅም ይቆይና ሲሞላ አምፖሉን ብልጭ ያደርገዋል። የሚሾልከው በርከት ካለ ብልጭታው ይቀርና የማያቋርጥ ፈዛዛ ብርሃን ይሆናል።

ከየት ነው የሚሾልከው? መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን እዩት። በጨለማ እንዲታይ ትንሽ መብራት ያለው ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ያቺ ትንሽ መብራት የምትበራው በአምፖሉ በኩል አልፎ በሚሄድ ኮረንቲ ነው፤ አምፖሉ ሲነቀል እሷም ትጠፋለች። ይህ ብቻ ከሆነ አያሳስብም። በምንኖርባት በሀርጌሳ የኮረንቲ ዋጋ ከአገር ቤት ጋር ሲነጻጸር ስለሚያንገበግብ "ቆጣሪዬን እየበላው ነው ወይ?" የምትሉ አላችሁ። እንዲህ ያለው ፈዛዛ ብርሃን የዋት አንድ አሥረኛ ቢወስድ እንኳ፣ ወሩን ሙሉ ቢበራ የኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ አይሞላም። እንቅልፍ ከነሳችሁ መብራት የሌለው ማጥፊያ አስገጥሙ፣ ያበቃል።

ማጥፊያው ላይ ምንም መብራት ከሌለና አምፖሉ ግን እየበራ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ።

እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጂግጂጋ የር ሰፈር አካባቢ ምግብ እያበሰሉ የሚሸጡ አንድ እናት ጠርተውኝ ነበር። ወጥ ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት አይለየውም። አምፖሉ ማታ ማታ ጠፍቶም ይበራል፤ ምግብ ሲበስል በዋለበት ቀን ደግሞ ይብስበታል። በፌዝ ቴስተር፣ ኮረንቲ ሲነካ በሚበራው መፈተሻ፣ ማጥፊያውን ነካሁት። ሲጠፋ አንዱ ጫፍ ኮረንቲ አለው፣ ሌላው የለውም። ትክክል ይመስላል። ብዙ ባለሙያም እዚህ ላይ ሽፋኑን መልሶ ያስራል። አምፖሉን ነቅዬ እንደገና ነካሁት፤ አሁን ሁለቱም ጫፍ ኮረንቲ የለውም። ነገሩ ግልጽ የሆነው በዚህ ነው። ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ገመድ) ማጥፊያው ጋ ቢሆን ኖሮ አምፖል ኖረም አልኖረም ቴስተሩ ይበራ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ኮረንቲ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። ማለትም ፌዙ በቀጥታ አምፖል ማቀፊያው ላይ ተቀምጧል፤ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን (የመመለሻውን ገመድ) ነው። እርጥቡ ጣሪያና ግድግዳ ደግሞ ለሚሾልከው ኮረንቲ መንገድ ሆኖታል።

ይህንን ስነግራቸው "ልጄ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ አምፖል የምቀይረው ኮረንቲው እያለ ነበር ማለት ነው?" አሉኝ። አዎ፣ እማማ። ማጥፊያውን አጥፍተው፣ በእርጥብ እጅ፣ የብረት በርሜል ላይ ቆመው፣ 220 ቮልት ያለበትን ማቀፊያ ነበር የሚይዙት።

ስህተቱ የመጣው ከገመድ ቀለም ነው። ከበሩ በላይ ያለውን የገመድ መገናኛ ስንከፍት ቀይና ጥቁር ገመድ አገኘን። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነው። በአዲሱ የአውሮፓ አሠራር ግን ኒውትራል ሰማያዊ ሲሆን ቡኒም ጥቁርም ፌዝ ይሆናሉ። እንግሊዝ ራሷ አዲሱን ቀለም ግዴታ ያደረገችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የሠራው ሰው ጥቁሩን ፌዝ ብሎ ወደ ማጥፊያው ላከው፤ ቀዩን በቀጥታ ለአምፖሉ ሰጠው።

ይህ በሀርጌሳ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ምክንያትም አለው። ከተማዋ በ1988 እ.ኤ.አ. በጦርነት ከፈረሰች በኋላ የመብራት አገልግሎቷን መልሰው ያቆሙት ሰፈር ለሰፈር ጀነሬተር የተከሉ ግለሰቦች ናቸው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች የመጡት ቆይቶ ነው። ቤቱም እንደ መስመሩ በየጊዜው በተለያየ እጅ ተሠርቷል። በበርበራ ወደብ የሚገባው ገመድም ከየአገሩ ስለሆነ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሳሎኑ ቡኒና ሰማያዊ፣ ወጥ ቤቱ ቀይና ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ባለሙያ ስትጠሩ "በቀለሙ አትሂድ፣ አምፖሉን ነቅለህ ማጥፊያውን በቴስተር እይልኝ" በሉት። እናንተ ግን ሽፋን አትክፈቱ፤ አምፖል የምትቀይሩትም ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ይሁን።

ከመደርደሪያ ሥር የሚለጠፍ ወይም በገመዱ ላይ ማጥፊያ ያለው መብራት ካላችሁ ራሳችሁ የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። ከአገር ቤት ይዘነው የምንመጣው ባለሁለት ክብ እግር ፕለግ በሁለቱም በኩል ይገባል። ነቅላችሁ አዙራችሁ ሰኩት። ፈዛዛው ብርሃን ከጠፋ፣ በፊት ማጥፊያው ኒውትራሉን ይቆርጥ ነበር ማለት ነው፤ እንደዚያው ተዉት። የእንግሊዙ ባለሦስት ቀዳዳ ሶኬት ሲያስቸግራችሁ የላይኛውን ቀዳዳ በካቻቢቴ ገፍታችሁ ሁለቱን ክብ እግር የምታስገቡ ግን፣ እባካችሁ ተዉት። ፕለጉ ልክ ስለማይሆን ላልቶ ይግላል፣ ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ዋሄን ገበያ በኤፕሪል 2022 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት በእሳት ሲወድም ያየ ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው።

ሌላም የወጥ ቤት ችግር አለ፤ ከምድጃው በላይ በተዘጋ ሽፋን ውስጥ ያለ ኤልኢዲ በርቶ ቆይቶ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ቦታውን በባለሙያ አስቀይሩለት።

አሁን ወደ ፓምፑ ጥያቄ። ፍሪጅ ሲነሳ መብራቱ ለቅጽበት ፈዘዝ ብሎ ቢመለስ የተለመደ ነው፤ ሞተር ሲነሳ ብዙ ይስባል። መብራት ሲደምቅ ግን ፈጽሞ የተለመደ አይደለም። በሰፈሩ ምሰሶ ሦስት ፌዝ ከአንድ ኒውትራል ጋር ይሄዳል፤ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በሁለት ፌዝ መካከል ወደ 380 ቮልት አለ። የጋራው ኒውትራል ሲላላ ወይም ሲበጠስ የእናንተና የጎረቤት ዕቃ በሁለት ፌዝ መካከል ተያይዞ ይቀራል። ጎረቤት ፓምፕ ሲያስነሳ ቮልቴጁ ወደ እናንተ ይገፋል፣ አምፖሉ ይደምቃል፣ ቀጥሎ ፍሪጁ ይቃጠላል።

ይህን ያያችሁ ቀን ነገ አትበሉ። ዋናውን ብሬከር አጥፉና መብራት ለሚያስገባላችሁ ድርጅት ደውሉ። "መብራታችን ይንቀጠቀጣል" ካላችሁ አምፖል ቀይሩ ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። "ጎረቤት ፓምፕ ሲያስነሳ መብራታችን ይደምቃል፤ ኒውትራሉን ከምሰሶው ጀምራችሁ እዩልን" በሏቸው። ለጎረቤታችሁም ንገሩ፤ የእሱም ፍሪጅ ያው መስመር ላይ ነው።