ከፍላችሁ ያሠራችሁት ሎጎ የማን ነው?

ቡሬ ላይ ካፌ ልትከፍቱ ነው እንበል። ፍኖተ ሰላም ላለ ዲዛይነር ደወላችሁ፣ ቀብድ ላካችሁ፣ ሎጎው በቴሌግራም መጣ። ሁሉም ነገር በቃል ነው ያለቀው። በዓመቱ ሎጎውን ቲሸርት ላይ ስታሳትሙ ዲዛይነሩ "ሥራው የእኔ ነው፣ ጨምሩ" ቢላችሁስ?

ብዙ ባለሙያዎች "የፈጠረው ሰው ባለቤት ነው" ብለው ነው የሚያምኑት። በመርሕ ደረጃ ልክ ናቸው። ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንቀጽ 21 ላይ፣ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ ለተሠራ ሥራ ሌላ ነገር ይላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ቀጣሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። አሜሪካ ቢሆን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ እዚያ በጽሑፍ ካልተስማሙ መብቱ በአብዛኛው የሚቀረው ከሠሪው ጋር ነው። እኛ ጋ ዝምታ የሚጠቅመው አዛዡን ነው። ዲዛይነሩ ቀብድ ሲቀበል ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ይህ ማለት ግን ዲዛይነሩ ባዶ እጁን ቀረ ማለት አይደለም። የሞራል መብት የሚባለው ከእሱ ጋር ይቆያል፦ የሥራው አመንጪ እሱ መሆኑ እንዲታወቅ መጠየቅ፣ ክብሩን በሚነካ መልኩ ሲለወጥበት መቃወም ይችላል። ሎጎውን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ በአዋጅ 501/1998 የሚታይ።

የጥር ሰርግ ፎቶም እንደዚሁ ነው። ፎቶ ቤቱ የሙሽሮቹን ፎቶ ለማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ "እኔ ነኝ ያነሳሁት" ማለቱ አያዋጣውም። ያዘዙት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል።

አዝማሪው ጋ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። "ተቀበል" ብሎ ግጥሙን የሰጠው እንግዳው ነው፣ ያዜመው አዝማሪው። አዋጁ የሚጠብቀው የተጻፈ ወይም የተቀረፀ ሥራን ስለሆነ ቤት ውስጥ ተብሎ የቀረ ግጥም ጥበቃ የለውም። አዝማሪው ግን እንደ ከዋኝ የራሱ መብት አለው፤ ያለፈቃዱ በስልክ ቀርፆ ዩቲዩብ ላይ የሚጭንን ሰው መጠየቅ ይችላል።

ዲዛይነሮች፣ መብቱ እናንተ ጋ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሎጎው የት የት እንደሚውል፣ ኦርጅናል ፋይሉ ይሰጥ እንደሆነም እዚያው ይግባ።